ፍርስራሽ የሌላት መናገሻ

አንድ ሰው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ወይም የፈረሰ ቤተ መንግሥት ለማየት ከቤቱ ሲነሣ ምን ፍለጋ እንደሚሄድ ቢጠየቅ «ታሪክ ፍለጋ» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም። መልሱ የሚቀለው ጥያቄው ገና ስላልተጨረሰ ነው። የማን ታሪክ? ግንቡን ያሠራው ንጉሥ፣ ድንጋዩን በትከሻው ያመላለሰው ገባር፣ ንጉሡ ካለፈ በኋላ ከግንቡ ጥግ ጎጆ ቀልሶ የኖረው ደሃ፣ ሁሉም በዚያው ሥፍራ አልፈዋል። ጐብኚው ከእነዚህ መካከል የትኛውን አይቶ ይመለሳል? ያላየውንስ አለማየቱ ጥፋት ሆኖ ይቈጠርበታልን? ነገሩ የሥነ ሕንፃ ወይም የቱሪዝም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ በተተወ ነበር። አንድ ኅብረተሰብ ካለፈው ዘመን ምኑን ይዞ ምኑን እንደሚጥል የሚወስንበት ጉዳይ በመሆኑ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ ይልቁንም የሚጠየቀው በአዲስ አበባ እምብርት፣ በአራዳና በፒያሳ ላይ ሲሆን።

ጐንደር ላይ ይህ ጥያቄ ለዘብ ብሎ ይታያል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቈረቈሯት ከተማ የነገሥታቱ ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ አጥር የተከበበና 12 በሮች ያሉት ነው። ጐብኚው በበሩ ይገባል፤ የመግቢያውን ዋጋ ይከፍላል፤ አስጐብኚውን ይከተላል። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ያለፈው ዘመን ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ዛሬ ነው። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያውን ካጣ ቆይቷል፤ ነገር ግን የሚያድርበት ስለሌለ ዝናብ ቢወርድበት የሚጐዳ ሰው የለም። ፍርስራሹ ዐርፏል፤ ተመልካቹንም ያሳርፈዋል።

አራዳ በር የለውም። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣ ሰው ከሐውልቱ ሥር ሲደርስ የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ የቡና ሽታና ከካቴድራሉ የሚወርደው ዜማ በአንድነት ይቀበሉታል። ያለፈው ከዛሬው የሚለይበት አጥር ስለሌለ፣ የሚያየው ነገር ቅርስ ይሁን መኖሪያ፣ ሐውልት ይሁን የሰው ደጃፍ፣ ለይቶ የሚነግረው የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርስራሽ አያገኝም። በዚህ ሠፈር ሕንፃ ወይ ቆሞ ያገለግላል፣ ወይ ፈርሶ ቦታው ለሌላ ይውላል፤ በሁለቱ መካከል ለመቆየት ጊዜ አይሰጠውም።

የዚህ ምክንያቱ ሥልጣን የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። ፍርስራሽ የሚገኘው ሥልጣን ትቶት በሄደው ሥፍራ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ዘመን መናገሻቸውን ሲያዘዋውሩ ኖረዋል፤ አንዳንዴ ጦርነት፣ አንዳንዴ ንግድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የማገዶና የግንባታ እንጨት ማለቅ ያስነሣቸው ነበር። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ አካባቢውን በልተው ሲጨርሱ ድንኳኑ ይነቀላል፤ የማይነቀለው ድንጋይ ይቀራል። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር፤ ይሁንና በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ የተቈረቈረችው አዲስ አበባ ተራራውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ አስቀረችው። እርሷም ብትሆን ልትቀር ጥቂት ነበር የቀራት። እንጨት ባለቀ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ ዐይናቸውን ጥለው በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ አስጀምረው ነበር። ያን ጉዞ ያስቀረው ከባሕር ማዶ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ አዲስ አበባን ከመተውና ፍርስራሽ ከመሆን ያዳናት አንድ ዛፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛፉ ከተማዪቱን ሲያድናት ግን ሌላ ዕዳ ጫነባት። ሥልጣን ተቀምጦ የቀረባት ከተማ፣ እንደ ጐንደር አጥር አጥራ ያለፈውን ለብቻው ማስቀመጥ አትችልም፤ በየትውልዱ በዚያው መሬት ላይ ደግማ መሥራት አለባት። የትናንቱ ቤት ባለበት ሥፍራ የዛሬው ቤት ይፈለጋል። ከዚህም የተነሣ «ምኑ ይቅር፣ ምኑ ይሂድ» የሚለው ጥያቄ ለጐንደር በአንድ ዘመን ተጠይቆ ሲያበቃ፣ ለአዲስ አበባ ግን በየጊዜው ይጠየቃል።

ለዚህ ጥያቄ «መጐብኘት» የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ቃሉ ዛሬ ካሜራ አንግቦ ለሚዞር ሰው ቢውልም የቆየው ትርጉሙ ከዚያ የከበደ ነው። ገበሬ እርሻውን ይጐበኛል፤ እረኛ በጋጡ ሥፍራ የተኛውን ከብት ይጐበኛል፤ ዘመድ የታመመ ዘመዱን ይጐበኛል፤ ችግር ላይ ያለ ሰውም «እግዜር ይጐብኝህ» ይባላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ማየት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የታመመን ሰው ሊጐበኝ ገብቶ የአልጋውን ጌጥ አድንቆ የሚወጣ ቢኖር ጐረቤት ሁሉ ይታዘበዋል። እርሻውን ጐብኝቶ አረሙን ያላየ ገበሬም ጐበኘ አይባልም። በዚህ ሚዛን ሲታይ ታሪካዊ ሥፍራን መጐብኘት ማለት የሥፍራውን ጤንነት መጠየቅ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ማን እንደሚጐዳበት ማወቅ ነው።

በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ይህን ልዩነት በዐይን ማየት ይቻላል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር አድዋ የዘመተ በመሆኑ ካቴድራሉ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። ባለ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ የነደፈው ግን ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። በኢጣሊያ ላይ ለተገኘ ድል መታሰቢያ የሆነው ቤት የኢጣሊያዊ እጅ ያረፈበት መሆኑን ልብ የሚል ጐብኚ ጥቂት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። የነገሥታቱ አልባሳት በቅጥሩ ባለው ሙዚየም ይታያሉ፤ አብዛኛው ጐብኚ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከእነርሱ ፊት ነው።

ይሁን እንጂ በሕንፃው ላይ ከደረሰው ሁሉ የከፋው ከዘውድ ጋር የተያያዘ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ ሦስት ቀን የቆየ ጭፍጨፋ ሲፈጽሙ ካቴድራሉንም አቃጠሉት። ከድል በኋላ ታደሰ፤ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም ግድግዳውን በሥዕሎቻቸው አስጌጡት። እንግዲህ ዛሬ ከውስጥ የሚታየው ብዙው ነገር የምኒልክ ዘመን ሥራ አይደለም፤ ከቃጠሎው በኋላ የመጣ ትውልድ ሥራ ነው። «ዋናው ጠፍቷል፣ ይህ ምትኩ ነው» ብሎ ቅር የሚለው ጐብኚ አይጠፋም። ፖላንዳውያን በ1944 እ.ኤ.አ. በናዚዎች የወደመችውን የዋርሶ አሮጌ ከተማ ድንጋይ በድንጋይ መልሰው በገነቧት ጊዜም እንዲሁ የሚሉ ነበሩ፤ በ1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ግን ያከበረው መልሶ መሥራቱንም ጭምር ነበር። የአራዳ ጊዮርጊስ እድሳትም ከመጀመሪያው ግንባታ ያላነሰ የታሪክ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሲሠራ ንጉሠ ነገሥት ያዘዘው ነበር፤ የሁለተኛው ሲሠራ ግን ቤቶቹ የተቃጠሉበት፣ ዘመዶቹ የተገደሉበት ሕዝብ ነበር በዙሪያው።

በዚያው ቅጥር ውስጥ፣ ጐብኚው ሥዕሉን ቀና ብሎ ሲመለከት፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ከግድግዳው ጋር ግንባሯን አገናኝታ ትቆማለች። እርሷ ተሳላሚ ናት። የሕንፃውን ስምንት ማዕዘንነት አልቈጠረችው፣ የነዳፊውን ስም አልሰማችው ይሆናል። ነገር ግን ግድግዳው ቢሰነጠቅ ቀድማ የምታውቀው፣ ለክዳኑ ማደሻ ከመቀነቷ ፈትታ የምትሰጠው እርሷ ናት። ስለ ቅርስ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ለጐብኚው ብዙ ቦታ ሲሰጠው ለተሳላሚዋ የሚሰጣት ጥቂት ነው፤ የሃይማኖት ጉዳይ እንደሆነ ተቈጥሮ ይታለፋል። በእውነቱ ግን ጥያቄው የሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሥፍራን ጠብቆ የሚያቆየው በአብዛኛው የሚጠቀምበት ሰው መሆኑን ተሳላሚዋ ታሳያለች።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም በሌላ መንገድ ይህንኑ ያሳያል። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ሆኖ የተከፈተው ይህ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው በሙዚየምነት ሳይሆን በሆቴልነት ነው። ሳንቃው ይንጫጫል፤ ሰው ግን ይተኛበታል፣ ምሳ ይበላበታል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከፊሉን ባጠፋው ጊዜ የከተማው ሰው ያዘነው መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ ቅርስ አልነበረም። አንዱ ከእጮኛው ጋር የተቀመጠበትን ጠረጴዛ፣ ሌላው ሙዚቃ ያደመጠበትን አዳራሽ ነበር የሚያስታውሰው። ቤቱ ተጠግኖ ወደ ሥራው የተመለሰው በዚህ ዓይነቱ ባለቤትነት ጭምር ነው።

የምኒልክ ሐውልት ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ጥያቄ ያነሣል። የፊት እግሮቹን አንሥቶ በቆመው ፈረስ ላይ የተቀመጡት ንጉሠ ነገሥት በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመረቁ። ዕድሜያቸው ግን ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላ የኢጣሊያ ወራሪ ሐውልቱን ነቅሎ ሸሸገው። ወራሪው የሐውልትን ትርጉም ከብዙ ጐብኚ ይልቅ በሚገባ ተረድቶት ነበር፤ የአድዋ ድል በአደባባይ ቆሞ እያለ አገሩ ተይዟል ማለት እንደማይቻል ገብቶታል። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። ከዚያም የ1966ቱ አብዮት መጣ። አብዮቱ የዘውዱን ምልክቶች ከየሥፍራው ሲያነሣ ይህን ሐውልት ሳይነካው ቀረ። ምክንያቱን እያንዳንዱ በየፊናው ሊተረጕመው ይችላል። ዋናው ነገር የመሳፍንቱን ሥርዓት ከሥሩ ለመንቀል የተነሣ ኃይል እንኳ በአንድ ሐውልት ውስጥ ከሥርዓቱ የሚበልጥ ነገር ማየቱ ነው።

ቤተ መንግሥትንና የንጉሥን ሐውልት መጠበቅ ንግሥናን መደገፍ ነውን? ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች አብዮት ተጠይቋል። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1789 እ.ኤ.አ. ባስቲዪን አፈረሱ፤ በ1793 ደግሞ የንጉሡን የሉቭር ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ሙዚየም አድርገው ከፈቱ። የሁለቱ ሥራ መነሻ አንድ ነበር። እሥር ቤቱ የሚጠቅመው ለጨቋኙ ብቻ ነው ብለው አፈረሱት፤ ቤተ መንግሥቱን ግን በሕዝብ ላብ የተሠራ በመሆኑ የሕዝብ ነው ብለው ወሰዱት። በዚህ አመለካከት ሕንፃ የሚፈረድበት በባለቤቱ ስም ሳይሆን በሠራው እጅና ወደፊት በሚያገለግለው ሰው ነው።

ይህ ፍርድ ትክክል ቢሆንም ሁሉን አይጨርስም። ከሐውልቱ ሥር የሚቆሙ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አያዩም። አያቱ ከአድዋ ቈስሎ የተመለሰ ሰው ድሉን ያያል። አያቱ ከደቡብ በኩል በዘመቻ ተገዝቶ መሬቱን ለነፍጠኛ ሰጥቶ ገባር የሆነበት ሰው ደግሞ በዚያው ፈረስ ላይ ሌላ ነገር ያያል። ሁለቱም የሚያዩት በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሐውልቱ መቆሙ ተገቢ ነው፤ በሥሩ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሜት እንዲሰማው መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም። ተማሪዎቹን ወደዚያ የሚወስድ መምህር ድሉን ነግሮ ዘመቻውን ከሸሸገ፣ ወይም ዘመቻውን ነግሮ ድሉን ካቃለለ፣ ተማሪዎቹን ወደ ሐውልቱ አደረሳቸው እንጂ አላስጐበኛቸውም።

የሠፈሩ ስምም ቢሆን ንጹሕ ታሪክ የለውም። አራዳ የከተማዪቱ ታላቅ ገበያ ነበር። ቅቤውና ማሩ፣ በቅሎውና አሞሌው የሚሸጠው በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወንጀለኛም የሚሰቀለው በዚያው ነበር፤ ንግዱና ቅጣቱ አንድ አደባባይ ይጋሩ ነበር። ኢጣሊያ ከተማዪቱን በዘር ከፋፍላ ስትነድፍ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አባረረችና አራዳን ለነጮች ንግድ አደረገችው። «ፒያሳ» የሚለው ስም የዚያ ማባረር ቅሪት ነው። ወራሪው ሲባረር ስሙ ቀረ፤ ሰውም ስሙን ወስዶ የራሱ አደረገው። እንዲያውም የቀድሞው ስም «አራዳ» ከሥፍራ ስምነት አልፎ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ። ነቃ ያለ፣ የከተማ ኑሮ የገባው፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው «አራዳ» ይባላል፤ አራዳን በዐይኑ ያላየ የገጠር ልጅ ሳይቀር በዚህ ስም ይሞገሳል ወይም ይታማል። እንዲህ ዓይነቱን ቅርስ ማንም በመዝገብ አልጻፈውም፤ ማፍረሻ መኪናም አይደርስበትም።

የቀረው ግን ይደረስበታል። የሠፈሩን አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹን በምኒልክና በተከታዮቻቸው ዘመን የሠሯቸው የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ጥበበኞች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ነበሩ። ሰፊ ሰገነት፣ የተጠረበ የእንጨት ክፈፍ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን የዚያ ሥራ መለያዎች ናቸው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ። አንድ ደጃዝማች ከነአሽከሮቹ ይኖርበት የነበረው ቤት በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈለ ለብዙ ቤተሰብ ተዳረሰ። ይህ በጊዜው የፍትሕ ሥራ ነበር፤ በረንዳ ያድር የነበረ ሰው ጣሪያ አገኘ። ይሁንና ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ቀበሌው ገንዘብ የሌለው፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ እንዳሻው ማደስ የማይችል በመሆኑ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ከውስጥ በሰበሱ። ለአንድ መጸዳጃ ብዙ አባወራ ይሰለፍ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

የካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ በዚሁ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ወቅት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሠፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ክፍሎች ተዛወሩ። ታሪካዊ የተባሉ አንዳንድ ሕንፃዎች ሲቀሩ በዙሪያቸው የነበረው ሁሉ ተጠረገ። ፍርስራሹ የቆየው አፈሩና ድንጋዩ በመኪና እስኪጫን ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ብዙ ለቅሶ ተሰማ። ከለቅሶው ከፊሉ ሊመረመር ይገባዋል። ከሠፈሩ ወጥተው በሰፊ ቤት የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም በባሕር ማዶ የሚገኙ ሰዎች ለፒያሳ ሲያለቅሱ ያለቀሱለት የልጅነት ትዝታቸውን ነው። ለዚያ ትዝታ ሲባል ሌላ ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይኑር ማለት ግን አግባብ አይደለም። ባልዲውን ያላየ ለሰገነቱ ውበት ብቻ ሊከራከር አይችልም። በሌላ በኩል፣ ባልዲውን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው አፍራሽም የሚመልሰው ጥያቄ አለበት። የድሃ ኑሮ ከግድግዳውና ከጣሪያው በተጨማሪ የሚያርፍባቸው ነገሮች አሉ። ጐረቤት በእምነት የሚያበድርባት ሱቅ፣ ሬሳ ሲወጣ ድንኳን የሚተክል እድር፣ ተራ የምትጠበቅበት እቁብ፣ ሽሮ የሚሸጥበት ደጃፍ፣ ልጅ ሳይከፍል የሚጠብቅ ጐረቤት በጭነት መኪና ላይ አይጫኑም። በከተማው ዳርቻ የተሻለ ቤት ያገኘች ሴት ጣሪያዋ ባያፈስም ገበያተኞቿን አጥታለች። ይህንን ያላሰበ እቅድ ቤቱን እንጂ ኑሮውን አልቈጠረም።

ከዚህ በታች ደግሞ እምብዛም የማይነሣ ነገር አለ። ምን ይቅር፣ ምን ይፍረስ ሲባል መለኪያው በአብዛኛው የባለቤቱ ስም ነው። የራስ እገሌ ቤት፣ የፊታውራሪ እገሌ ቤት፣ የነጋድራስ እገሌ ቤት ተብሎ የተመዘገበው ይቆማል፤ ስም የሌለው ይፈርሳል። የ1967ቱ አዋጅ የመሬት ከበርቴውን ማዕርግ ከባለቤትነት ላይ ፍቆት ነበር፤ የቅርስ መዝገብ ግን ማዕርጉን በክብር መልሶ አስቀመጠው። በእነዚያው የመኳንንት ቤቶች ውስጥ ከአንድ ደጃዝማች ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ብዙ የቀበሌ ተከራይ ቤተሰብ ወልዶ አሳድጎ፣ ድሮ ቀብሮ ኖሯል። እነርሱ በመዝገቡ ላይ የሉም፤ ቤቱ ቢታደስም የሚታደሰው ወደ ደጃዝማቹ ዘመን እንዲመስል ተደርጎ ነው። ጭቃው ሲለሰን፣ ኮምፔንሳቶው ሲነቀል፣ ከመሳፍንቱ በኋላ የመጣው የሕዝብ ኑሮ እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ ይወጣል። ንጉሡ ያለፈበት ድንጋይ ታሪክ ሲባል፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ሽሮ የፈጨች ሴት ታሪክ ያልሆነችበት ምክንያት ቢፈለግ አይገኝም።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር መሥመር ሥራ ሲባል ከሥፍራው ተነሥቶ ነበር። በብሔራዊ ሙዚየም በጥንቃቄ ተቀምጦ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ሰው ሁሉ የመመለሱን ቀን ይጠብቅ ነበር፤ መመለሱም ተገቢ ነበር። አንድ ሐውልት ተነሥቶ ሊመለስ የሚችል ከሆነ፣ በሐውልቱ ዙሪያ የኖረ ሕዝብም ሥራው ሲያልቅ ወደ ሠፈሩ የሚመለስበት መንገድ ሊፈለግለት አይገባም ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። በዚያው መሬት ላይ ለቀድሞው ነዋሪ የሚሆን ቤት ቢሠራ ጣሪያውም አያፈስም፣ እድሩም አይበተንም ነበር። ወጪው ይከብዳል ይባል ይሆናል፤ ወጪው ግን ለሐውልቱ አልከበደም።

የሥነ ጥበብ ሰዎች በዚህ ረገድ ያላቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። በ1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቤቱን ያደረገው በዚሁ ሠፈር ነበር፤ ከመድረኩ የወጡት ዘፈኖችና ተውኔቶች በፒያሳ ጐዳናዎች ላይ ከሚሰማው ቋንቋ ብዙ ተበድረዋል። ሠዓሊው ሰገነቱን ሥሎታል፤ ደራሲው የመጠጥ ቤቱን ጨዋታ ጽፎታል። ከተጠረገው ሠፈር ውስጥ የቀረው በአብዛኛው በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ያለው ነው። ይሁንና ገና ያልተጻፈው ይበዛል። የቀበሌ ቤቶቹን ክፍፍል፣ ማን ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ፣ የየጓሮው ስም ምን እንደ ነበር የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በተለያዩ የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተበትነው ይኖራሉ። ተማሪዎቹን ወደ ሙዚየም የሚወስድ መምህር አንድ ቀን ወደ እነርሱ ቢወስዳቸው ያም መጐብኘት ነው።

ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወር በገባ በ23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በሌሊት ተነሥተው ሁለት ሦስት ታክሲ እየለዋወጡ ወደ አራዳ ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሞተውን፣ የወለደውን፣ የታመመውን ይጠያየቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ታች የሚወርዱም አሉ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ዳር ቆም ትልና ችግኝ ወደ ተተከለበትና አግዳሚ ወንበር ወደ ተቀመጠበት በጣቷ ታመለክታለች።

«ቤታችን እዚያ ላይ ነበር።»

ልጁ ወደ ተመለከተው ሥፍራ ትኵር ብሎ ያያል።

«በሩ በየት በኩል ነበር፣ እማማ?»

አሮጊቷ ወዲያው አትመልስም። ወደ ኋላዋ ዞራ የጊዮርጊስን ጕልላት ትፈልጋለች፤ ከዚያ ተነሥታ በዐይኗ ትለካለች።